«ሞተር አትቀይሩ» ለሚሉን፦ የቱን ከየቱ ላይ?

ሰሞኑን መኪና ያለውም የሌለውም ሲቀባበለው የሰነበተ ጽሑፍ አለ፤ ርእሱ «አሮጌ መኪናችሁ ላይ አዲስ ሞተር አትግጠሙ» ይላል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዱ የኮሮላውን ሞተር አውርዶ ግቢው ውስጥ ያስቀመጠ ወዳጄ ነውና «እና አሁን ልመልሰው?» ብሎ ጨምሮበታል። ይህን የምጽፈው ለእሱም፣ እንደ እሱ መሐል መንገድ ላይ ለቆሙትም ነው። ጋራዥ የለኝም፤ የምሸጠው ሞተርም የለኝም። የራሴንና የዘመድ ወዳጅ መኪና ግቢ ውስጥ እየፈታሁ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጽሑፉ የተንኮል ጽሑፍ አይደለም። ጸሐፊው ሰውን ከኪሳራ ለማዳን ማሰባቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸውን እንዳላዛባ በአጭሩ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ የአሮጌ መኪና አካል የተሠራው ለራሱ ሞተር ነው፤ የበረታ ሞተር ሲጫንበት ይሰነጠቃል፣ ፍሬኑም አይችለውም። ሁለተኛ፣ አዲስ ሞተር በኮምፒዩተር የሚመራ ስለሆነ ያለ ኩባንያው ማሽን አይነካም። ሦስተኛ፣ «ቤንዚን ይቆጥባል» የሚባለው ተረት ነው፤ ቤንዚን የሚበላው የሾፌሩ እግር ነው። አራተኛ፣ ሕገ ወጥ ነው፤ ሊብሬ ያሳጣል። አምስተኛ፣ ቤት ውስጥ መሥራት ነፍስ ያጠፋል። ስድስተኛውና መደምደሚያቸው ደግሞ ወይ ያለውን ሞተር አሳድሱ፣ ወይ ሸጣችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ የሚል ነው። ለዚህ ሁሉ ምስክር አድርገው ያቀረቡት አንድ ጎረቤታቸውን ነው። ሰውዬው ዲኤክስ ኮሮላው ላይ የቪትዝ ሞተር ሊያስገጥም ጀመረ፤ መኪናው ለወራት ቆመ፤ በመጨረሻ በብረት ዋጋ ተሸጠ።

ከጎረቤትየው ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና።

ዲኤክስ የምንላት የኢ70 ኮሮላ የኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና ናት። ሞተሯ በመኪናዋ ርዝመት ይተኛል፣ ካምቢዮው ከኋላው ይከተላል፣ ኃይሉ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቪትዝ ሞተር ግን በመኪናው ወርድ ይጋደማል፤ ካምቢዮውን ከጎኑ ይዞ የፊት ጎማዎችን ይጎትታል። እነዚህን ሁለቱን ማጋባት ማለት ሞተሩን በሩብ ዙር አዙሮ፣ ከሌላ ካምቢዮ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም ብረት አስቆርጦ፣ ፍሪሲዮኑን አዛምዶ፣ ሞተሩን የሚሸከሙትን መያዣዎች ከባዶ በይዶ፣ የጭስ መውጫውንና የውሃ ቧንቧውን በሙሉ እንደ አዲስ ሠርቶ፣ ከዚያ ቁልፍ ካላወቀ የማይነሳውን ኮምፒዩተር ማባበል ነው። ይህ ቶርኖ ቤት፣ ሥዕልና ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጎረቤትየውን ያኔ ባገኘው ኖሮ እኔም «ተው» እለው ነበር። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነን።

የማልስማማው ከዚህ በኋላ በመጣው ዝላይ ነው። አንድ ሰው የማይሆነውን ሞተር ከማይሆነው አካል ላይ ስለገጠመ፣ ሞተር መቀየር ራሱ ስሕተት ነው ተባለ። «ከእንጨት መርጦ ለታቦት» ይባል የለ? እንጨት ሁሉ ለታቦት አይሆንም ማለት ግን ታቦት አይቀረጽም ማለት አይደለም። ጥያቄው «ሞተር ይቀየራል ወይ?» ሳይሆን «የቱ ሞተር፣ ከየቱ አካል ላይ?» ነው። ጽሑፉ ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ ላይ አላነሳውም።

እኔ የምመራበት ደንብ ቀላል ነው፦ ፋብሪካው ራሱ ያጋባውን አጋባ። አገራችን ውስጥ ብዙ የሚታየውን ምሳሌ እንውሰድ። በፈረንጆቹ 1991 የወጣችው የኢ100 ኮሮላ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ሜካኒካል ዕቃ) ባለው 1,295 ሲሲ 2ኢ ሞተር ተሸጣለች። ያችው አካል ቤንዚን በኖዝል በሚረጨው 1,331 ሲሲ 4ኢ-ኤፍኢም ተሸጣለች። 2ኢ እና 4ኢ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው፤ ካምቢዮው የሚታሰርባቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ይገጥማሉ። ስለዚህ 2ኢ ኮሮላ ያለው ሰው 4ኢ ሲገጥም አዲስ ነገር እየፈለሰፈ አይደለም። ቶዮታ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠራውን ሥራ ግቢው ውስጥ እየደገመ ነው። (ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሞተር «አዲስ» ማለታችን ቢያስቅም፣ ካርቡራተር ለለመደ ሰው አዲስ ነው።)

ለዲኤክስ ባለቤትም መላ አይጠፋም። የመኪናዋ 4ኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው፤ በላይትኤስና በታውንኤስ ሚኒባሶች የመጣው 5ኬ 1,486 ሲሲ ሆኖ ከዚያው ቤተሰብ ነው። ካርቡራተር ይኑረው እንጂ የጎረቤትየውን ዓይነት ጣጣ አይጠይቅም።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ።

አካሉ ይሰነጠቃል ለሚለው መልሱ ከላይ ተጀምሯል። የኢ100 ኮሮላ ከፋብሪካ ስትወጣ ከ1.3 ሊትር እስከ 1.8 ሊትር ቤንዚን ሞተር ተሸክማለች፤ ዲዝልም ነበራት፤ የዲዝል ሞተር ክብደት ደግሞ የታወቀ ነው። ዲኤክስ ራሷ በ1.3 ብትታወቅም፣ ጃፓን ውስጥ ያው የኢ70 አካል ሁለት ካምሻፍት ባለው 1.6 ሞተር ተሸጧል። አካሉ ያንን ሁሉ ከቻለ 36 ሲሲ ጭማሪ የሚሰነጥቀው በምን ስሌት ነው?

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት ግን አለ። ፋብሪካው ያንን ሞተር የጫነው አዲስ አካል ላይ ነው። የእኛ መኪኖች ብዙዎቹ ተገጭተው በባቱላማዮ የተቀጠቀጡ፣ የባትሪው ሥር በአሲድ የተበላ፣ የፊት አሞርዛተር የሚታሰርበት ቆርቆሮ የዛገ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ሞተር ከመቀየር በፊት አካሉን ማየት ግዴታ ነው። ሆኖም ያ አካል ለድሮው ሞተርም አደጋ ነው። ዝገት የሞተር ዓይነት አይመርጥም።

ስለ ፍሬኑ ስናወራ ደግሞ ፍሬን የሚያቆመው ክብደትንና ፍጥነትን መሆኑን አንርሳ። ሁለቱ ሞተሮች በክብደት እምብዛም ካልተራራቁ፣ በ60 ለምትሄድ መኪና ፍሬኑ የሚሠራው ሥራ ያው ነው። የሚለወጠው ሾፌሩ ነው፤ ጉልበት ሲያገኝ በ60 አይሄድም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ1.3 ወደ 1.6 የሚሄድ ሰው ያችው ኮሮላ በ1.6 ሞተር ስትሸጥ የነበራትን የፊት ፍሬን አብሮ ይግዛ። እዚህ ላይ የጸሐፊውን ስጋት እቀበላለሁ፤ መፍትሔው ግን መከልከል ሳይሆን ሁለት ዲስክና ሁለት የፍሬን እጅ ጨምሮ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ሰው ያስፈራው ነው። «ኮምፒዩተር አለበት» ሲባል እጁን የሚሰበስብ ጎበዝ መካኒክ አይቻለሁ። እስኪ ምን እንዳለ በዝርዝር እንየው።

4ኢ-ኤፍኢን የሚመራው ሳጥን፣ ማለትም ኢሲዩው፣ ከሞተሩ የሚፈልገው ጥቂት ወሬ ነው፦ ስንት ዙር እየዞረ ነው፣ ምን ያህል አየር እየሳበ ነው፣ ውሃው ምን ያህል ሞቋል፣ የሾፌሩ እግር የት ደርሷል፣ ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ቀርቷል ወይ። እነዚህ ሽቦዎች ከሞተሩ ተነስተው ሳጥኑ ላይ የሚያልቁ ናቸው፤ ሽቦው ሙሉውን ከመጣ አንዱንም መቁረጥ አያስፈልግም፤ ሶኬት ለሶኬት ይገጥማል። ከመኪናው ጋር የሚገናኙት ጣት ላይ የሚቆጠሩ ናቸው፦ ቋሚ የባትሪ ኃይል፣ ከቁልፍ የሚመጣ ኃይል፣ ከሞተሪኖ የሚመጣ ምልክት፣ የቤንዚን ፖምፓው ሪሌ፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለው የሞተር መብራትና ማሳ (ኔጋቲቭ)። ቁጭ ብሎ በቴስተር እየለካ የሚሠራ ሰው ይጨርሰዋል።

ችግሩ የሚፈጠረው ገበያው ላይ ነው። ያገለገለ ሞተር ሲወርድ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው የሚሸጡ አሉ፤ ገዢውም ርካሽ ስለሆነለት «ሽቦ ምን ይሠራልኛል» ብሎ ይወስዳል። ከዚያ ኤሌክትሪሻኑ ጋ ሲሄድ ነው ዋጋውን የሚያውቀው። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ሞተር ስትገዙ ከነሽቦው፣ ከነኢሲዩው፣ ከነሴንሰሮቹ፣ ከነቤንዚን ፖምፓው ግዙ። ሽቦው የተቆረጠውን ሞተር በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

የመመርመሪያ ማሽኑን በተመለከተ ጸሐፊው ያልነገሩን አንድ ነገር አለ። የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ማሽን ሳይኖር ችግራቸውን ይናገራሉ። ኮፈኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ክፈቱ፤ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። በቁራጭ ሽቦ አገናኟቸውና ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ አረፍ ብሎ፣ እንደገና ሁለቴ ካለ ኮዱ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን እዩ ማለት ነው። 41 ከሆነ የእግር መስጫው ሴንሰር ነው፤ 31 ከሆነ አየር የሚለካው ነው። ሳያቋርጥ እኩል እየተነፈሰ ብልጭ ድርግም ካለ ያገኘው ችግር የለም። ይኼ የኩባንያ ምስጢር አይደለም፤ የሚጠይቀው አንድ ቁራጭ ሽቦና ትዕግሥት ነው።

ከፈረንጆቹ 2000 ወዲህ ላሉት ሞተሮች፣ ለምሳሌ ለቪትዙ 1,497 ሲሲ 1ኤንዜድ፣ ነገሩ ይለያል። ስልክ ላይ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ ስላለ ምርመራው አይከብድም፤ ከባዱ ቁልፉን ካላወቀ ሞተሩን የማያስነሳው መቆለፊያ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ቁልፉና መቆለፊያው አብረው ካልመጡ ባለሙያ ያስፈልጋል። ስለዚህም ነው ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የፈረንጆቹን 1990ዎቹ ሞተር የምመክረው።

ሦስተኛው፣ «ቁጠባው ተረት ነው» የሚለው፣ ጽሑፉ ከያዘው ሁሉ በጣም የተሳሳተው ነው፤ በተለይ እንደ እኛ ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው። ነዳጅ የሚበላው እግር ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ እንደ እብድ የሚነዳን ሰው ምንም ሞተር አያድነውም። ግማሹ ግን ካርቡራተሩ ውስጥ ነው።

ካርቡራተር አየርና ቤንዚን የሚለካው በቀዳዳ ነው። ጅግለሩ (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ዕቃ) ወይ ተቀይሯል ወይ አልተቀየረም፤ በራሱ አይጠብም አይሰፋም። ፋብሪካው ሲለካው ለቆላ አየር ነው የለካው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይጎድለዋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ያልተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ከፍታ ላይ አሥር በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል። ያ ትርፍ ጉልበት አይሆንም። ካንዴላ ያጠቁራል፣ በጭስ ይወጣል፣ ሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ይብሳል።

«ጎበዝ መካኒክ ጅግለር ይቀይራል» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ ለአዲስ አበባ ይስተካከላል። ከዚያ መኪናዋ ወደ አዳማ 1,700 ሜትር፣ ከዚያም ወደ አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ስትወርድ ደግሞ ቤንዚን ያንሳታል፤ በዚያ ሙቀት ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። አገራችን በአንድ ቀን መንገድ ደጋና ቆላ የምታስረግጥ አገር ናት። አየር የሚለካ ሞተር ግን እያንዳንዷን እርምጃ ራሱ ያስተካክላል፤ ከእንጦጦ ወደ ታች እግራችሁን ከቤንዚን ላይ አንስታችሁ በማርሽ ስትወርዱ ደግሞ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል። ካርቡራተሩ በዚያን ጊዜም እየሳበ ነው።

አንድ ነገር በሐቅ ልናገር፤ አዲሱም ሞተር ቢሆን በከፍታ ጉልበት ያጣል። የሌለ ኦክስጅን ማንም ኮምፒዩተር አይፈጥርም። የሚያድነው ቤንዚን እንጂ ጉልበት አይደለም። «4ኢ ገጥሜ ዳገቱን እንደ አውሮፕላን እወጣለሁ» የሚል ካለ ያዝናል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የደከመ 2ኢ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ጤነኛ 4ኢ 12። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚነዳ ሰው 12,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንዱ 1,500 ሊትር፣ ሌላው 1,000 ሊትር ይጠጣል። 500 ሊትሩን በዛሬው የማደያ ዋጋ አባዙት። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሳ የማደያው ዋጋ የት እንደደረሰ ለማንም መንገር አያሻም። በመኪናው እንጀራ የሚበላና ቀኑን ሙሉ የሚዞር ሰው ቁጥሩን ከዚህ በላይ ያባዛዋል። ታድሶ ጤነኛ ከሆነ 2ኢ ጋር ብናነጻጽር ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል፤ ይህንን ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ጠንካራ ክርክር በሆነላቸው ነበር።

ቁጠባውን ገደል የሚከተው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን) ማውጣት ነው። እኛ ጋ «ሞተር ሞቀ» ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው እሱ ነው፤ ያወጡታል፣ ይጥሉታል። ካርቡራተር ላለው ሞተር ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። በኮምፒዩተር ለሚመራ ሞተር ግን ውሃው ካልሞቀ ኢሲዩው «ገና ጠዋት ነው» ብሎ ያምናል፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ ባለቤቱ «አዲሱ ሞተር ቤንዚን በላ» ይላል። የጸሐፊው ጎረቤትም ሆነ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ከሆነ አልደነቅም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አትርሱ፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ሳይግል ውሃው ይፈላል፤ ያኔ ጥፋቱን ቴርሞስታቱ ይሸከማል። ክዳኑን ቀይሩ፤ ቴርሞስታቱን ተዉት።

የሕግ ነገር። «ሊብሬ ያሳጣል» የሚለው እንደ ተነገረው ከሆነ የሚያስፈራ ነው፤ ግን ሊብሬአችሁን አውጥታችሁ እዩት። የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ለየብቻ ተጽፈዋል። ሻንሲው መኪናው ነው፤ ሞተሩ ሊለወጥ የሚችል አካል ስለሆነ ነው የራሱ ቁጥርና የራሱ ቦታ የተሰጠው። ጥፋት የሚሆነው ቀይሮ ዝም ማለት ነው። መንገድ ላይ ኮፈን ተከፍቶ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ፣ የተሰረቀ ሞተር ነው ተብሎ ቢያዝ ማን ይፈርዳል? አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ የሚያየው ያንኑ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ሞተር ከመግዛት በፊት ወረቀቱን ጠይቁ፦ ሞተሩ በጉምሩክ የገባበት ዲክላራሲዮን፣ የሽያጭ ደረሰኝ፣ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተመታው ጋር መግጠሙን። ሻጩ «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» ካለ ሞተሩም በኋላ ይምጣ። ከዚያ ቦሎ ከመድረሱ በፊት ሄዶ ማስመዝገብ ነው። መመላለስ አለው፣ ወረፋ አለው፣ ያሰለቻል፤ ይህን አልክድም። ያሰለቸ ነገር ሁሉ ግን ሕገ ወጥ አይደለም።

አምስተኛው፣ ቤት ውስጥ መሥራት አደገኛ ነው የሚለው፣ ጸሐፊውን አብዝቼ የምደግፍበት ነው፤ ሆኖም ያስፈሯቸው ነገሮች ትንንሾቹ ናቸው። ሞተር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ መስቀል እብደት ነው ይላሉ፤ ነው። የጎጆ ጣሪያ ማገር ላይም እንደዚያው። ማንሻ ክሬን ለአንድ ቀን መከራየት ይቻላል። መኪናው ሥር የሚገባ ሰው ክሪክ ብቻ አምኖ አይግባ፤ ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ይቁም፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር ይግባ። የባትሪው ማሳ ከሁሉ በፊት ይፈታ። ይህ ጋራዥ ውስጥም ያው ነው፤ እንዲያውም በጋራዥ ክሪክ ብቻ ተደግፎ የሚሠራውን መካኒክ ያላየ አለ?

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱትና እኔን የሚያስፈራኝ የቤንዚን ቧንቧው ነው። በካርቡራተር ዘመን ቤንዚኑን የሚገፋው ትንሽ ሜካኒካል ፖምፓ ሲሆን ግፊቱ ከሩብ ባር ብዙም አይርቅም። ኖዝል ያለው ሞተር ከሁለት ባር ተኩል እስከ ሦስት ባር ይፈልጋል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። አሮጌውን ጎማ ቧንቧ ትቶ በተራ መያዣ አጥብቆ ፖምፓውን የለወጠ ሰው፣ አንድ ቀን በጋለ ማርሚታ ላይ ቤንዚን ይረጫል። ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ቧንቧና መያዣ ግዙ፤ የሚመለሰውን መስመር አትዝጉ፤ ታንከሩን አውርዳችሁ እጠቡ፤ ዓመታት የተከማቸው ዝገትና ውሃ ለካርቡራተር ቢታገሥም ኖዝል ይደፍናል። ከተቻለ ታንከሩንም ኖዝል ካላት ኮሮላ አብራችሁ ውሰዱ፤ ውስጡ ቤንዚኑን ዳገትና መታጠፊያ ላይ የሚይዝ ክፍልፋይ አለው። ሥራው አልቆ መጀመሪያ ስታስነሱ እሳት ማጥፊያ ይዛችሁ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ቤት ውስጥ አትሥሩ የሚል ምክር ከሚሰጥ ይህን የሚነግር ሰው ይሻል ነበር።

የቀረው «አሳድሱ ወይም ኤሌክትሪክ ግዙ» የሚለው ነው። ማሳደሱን አልቃወምም። ብሎኩ ገና አንዴ ብቻ የተሰፋ፣ ኮሎ ዶካው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጤነኛ የሆነ 2ኢ ያለው ሰው፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚና (የዘንጉ ማረፊያ) ቀይሮ፣ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አስተካክሎ ዓመታት ሊነዳ ይችላል። ግን ብሎክ እየተሰፋ ዘላለም አይኖርም፤ ፒስተኖቹ 0.50 ትልቅ፣ ከዚያ 0.75፣ ከዚያ 1.00 እየተባለ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ይሳሳል። ሁለት ሦስቴ የታደሰን ሞተር እንደገና አሳድሱ የሚል ምክር ገንዘብ ማባከን ነው፤ የቶርኖ ቤቱ፣ የዕቃውና የእጁ ዋጋ ሲደመር ያገለገለ ጤነኛ ሞተር ዋጋ አጠገብ ይደርሳል። ለወዳጄም የምለው ይኼንኑ ነው፦ መጀመሪያ ብሎክህን አስለካ፤ ገና ከሆነ መልሰው፤ ካለቀ ግን ሥራህን ቀጥል።

የኤሌክትሪክ መኪናው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ የከበደ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «የወደፊቱ ኤሌክትሪክ ነው» ይላሉ፤ ይሁን። ነገር ግን ያው ክልከላ ነው የሠላሳ ዓመቷን ኮሮላ ዋጋ ያስወደዳትና መንገድ ላይ ያቆያት። ሞተሯ ያለቀ ኮሮላ የሚሸጥ ሰው፣ በዚያ ገንዘብ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው የት ነው? ገዛ እንበል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ተከራይ ማታ ማታ የቻርጅ ገመዱን ከየት ወዴት እንደሚዘረጋና ቆጣሪው የማን እንደሚሆን፣ ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል።